አፏን በስንት ዓመቷ ፈታች?

ወገዳ፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመልካሙ፣

ደህና ነህ ወይ? ባለቤትህና ልጆችህስ? አዲስ አበባ ብርዱ ገብቷል ይላሉ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም አርብ ገበያ ደህና ናት፤ የገብሱን አጨዳ ጀምራለች። ሰላምታውን በዚህ ስለጨረስኩት አትቀየመኝ። ካስረዘምኩት ልጽፍ ያሰብኩት ይጠፋብኛል።

በስልክ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ አይደለም። ስልክ ላይ ፊት የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። መልሱ ሲመጣልኝ አንተ ሌላ ወሬ ጀምረሃል። በወረቀት ግን ማንም አያቋርጠኝም። ይህንንም ወደዚያ የሚመላለሰው ሹፌር ሞላ ያደርስልሃል።

ምን ሆነሽ ነው ላልከኝ፣ ይኸውልህ። በአክስታችን በእትዬ አማረች ለቅሶ ላይ የሆነውን እማዬ ሳትነግርህ አትቀርም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እኔ ቆሜ አያቸው ነበር። እንባ አልመጣልኝም። ልጇ ገነት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እናቴን ምን ነጠቀኝ?» ስትለኝ ማወቅ የፈለገች መሰለኝና ጉበቷ መሆኑን፣ ቀደም ብላ ብትታይ ኖሮ ይደረስበት እንደነበር አስረዳኋት። ከዚያ ወዲህ ልበ ደረቅ እባላለሁ። እትዬ አማረችን እኮ እወዳት ነበር፣ መልካሙ። በደጇ ማለፍ ስለማልችል አሁንም እማዬ ቤት የምሄደው በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ወረዳው ለመምህራን ስለ ልዩ ፍላጎት ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ስለ ኦቲዝም ሲያስረዱ፣ ድምፅ ስለሚያማቸው፣ የያዙትን ነገር ስለማይለቁ፣ ለሰው የሚሆን ቃል በሰዓቱ ስለማይመጣላቸው ልጆች ተናገሩ። እኔ መጻፍ አቆምኩ። እጄን አውጥቼ «እነዚህ ልጆች ሲያድጉ የት ይሄዳሉ?» አልኳቸው። መምህራኑ ሳቁ። አሠልጣኙ ግን አልሳቁም።

የምለምንህ ይህንን ነው። ትልቅ ሰው የሚመረምር የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልግልኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ክፉ ሰው ሆኜ ይሁን ወይስ አፈጣጠሬ ይሁን፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ክፉ ከሆንኩ ንስሐ እገባለሁ። አፈጣጠሬ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ሕይወትን በከንቱ አላደክማቸውም። ለእማዬ ለጊዜው አትንገራት።

እህትህ ዳግማዊት

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእቴ ለዳጊዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ተማሪዎችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ያቺ ከቤትሽ አልወጣም ያለችው ድመት፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ይህ ሁሉ የአንቺ ድርሻ ጭምር ስለሆነ ነው የረዘመው።

ደብዳቤሽን ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩትና አንድ ሙሉ የሠርግ መጥሪያ ተጣሞ ታተመብኝ። «ክፉ ሰው ሆኜ ይሁን» ያልሽው አንጀቴን በላው። እኔ እንዲህ ብዬሽ አላውቅም፣ የሚልሽም ካለ ስሙን ላኪልኝ።

ባለሙያ ፍለጋውን ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ የሄድኩባቸው ዶክተር ግድግዳቸው በምስክር ወረቀት ተሸፍኗል። ፊዚክስ እንደምታስተምሪ ስነግራቸው «እንዲህ ያለች ሴት ኦቲዝም የላትም» ብለው በሩን አሳዩኝ። ሁለተኛው ግን ደግ ሰው ናቸው። የነገርኳቸውን ሰምተው «ያለ ጥርጥር አለባት፣ እሷ ባትመጣም እጽፍልሃለሁ» አሉኝ። ወረቀታቸው ክብ ማኅተም አለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደ እሳቸው አዘንብሏል። በዚያ መንገድ ተንገላተሽ ከምትመጪ እኔ ወረቀቱን ይዤልሽ ብመጣ ምን አለበት?

ሦስተኛዋ ሕፃናትን ብቻ ነው የምታየው። «ስለ አዋቂ ብዙ አላውቅም፣ ልዋሽህ አልፈልግም» አለችኝና የምታውቀው ሰው እንዳለ ልትጠይቅልኝ ስልኬን ተቀበለችኝ። ምን እንደምትመርጪ ጻፊልኝ።

ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም።

መልካሙ

*

ወገዳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

መልካሙ፣

ሰላም ነው? እኛ ሰላም ነን። ድመቷም ደህና ናት፤ ጠይቀሃልና።

ማኅተሙን አልፈልግም። ሳያዩኝ «አለባት» ያሉትና ሳያዩኝ «የላትም» ያሉት ለእኔ አንድ ናቸው። ሁለቱም ስለ እኔ የሚያውቁት አንተ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠህ የነገርካቸውን ነው። እኔ የምፈልገው «አይደለሽም» ብሎ መመለስ የሚችል ሰው ነው። እንዲያ ያለ ሰው «ነሽ» ቢለኝ ብቻ ነው የማምነው። ለሰው የማሳየው ወረቀት ሳይሆን ልቤ የሚያርፍበት መልስ ነው የቸገረኝ። ደግነታቸው ግን አይከፋም፣ አመስግንልኝ።

ሰው ስታገኝ ይህንን ጠይቅልኝ። ሕፃናትን ሳይሆን ትልልቅ ሰዎችን መርምረው ያውቃሉ ወይ? ሴቶችንስ? በአንድ ቀን ይጨርሳሉ ወይስ ደጋግመው ያዩኛል? የማያውቁት ሲገጥማቸው ማንን ይጠይቃሉ? ደግሞ ከጋይንት መሆኔን ንገራቸው። በእኛ አገር ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ላይ ካፈጠጠ ይቆነጠጣል። እኔ አቀርቅሬ አደግኩ፣ «ጨዋ ናት» እየተባልኩ። ለካ ሌላው ልጅ የሚያቀረቅረው ተነግሮት ኖሯል፤ እኔ ግን ሳይነገረኝ ነበር። ዓይን አለማየትን ብቻ ቆጥሮ የሚፈርድ ባለሙያ መላውን ታች ጋይንት ኦቲዝም አለበት ብሎ ይጽፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትሳቅብኝ። ቢሮው ውስጥ ያ ረጅሙ ነጭ አምፖል ካለ ቀና ብለህ አዳምጠው። የሚያቃጭል ከሆነ እሱ እየጮኸ ሰው የሚለኝን መስማት አልችልም።

ዳግማዊት

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዳጊዬ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። ሰላምታዬን እንደ ቀድሞው አስረዝሜ አስቢው።

ሰው አገኘሁ መሰለኝ። ያቺ የሕፃናቷ ባለሙያ ቃሏን ጠብቃ ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ያሉ፣ ወይዘሮ አዜብ የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው፤ አብረው ተምረዋል። ለሥራ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አግኝቼ ራሴ ሄጄ አየኋቸው። ቢሯቸው ጠባብ ናት፣ ከአንድ ፎቅ ጀርባ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ዶክተርም አይደሉም፣ ይህ ትንሽ አሳስቦኛል።

ጥያቄዎችሽን አንድ በአንድ አቀረብኩ። ትልልቅ ሰዎችን መርምረዋል፣ ብዙ ግን አይደሉም፤ ይህንንም ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሲጠራጠሩ የቀድሞ መምህራቸውን ያማክራሉ። በአንድ ቀን አይጨርሱም። «አይደለችም ብዬ የመለስኳቸው አሉ፣ እህትህንም እንደዚያው ልላት እችላለሁ፤ ቅር ትላለች?» አሉኝ። እንደማትዪ ነገርኳቸው። ስለ ዓይን ነገር ላስረዳ ስል ቀደሙኝ። «የጋይንት ልጅ ከሆነች ዓይኗን ትቼ ሌላውን አያለሁ፤ የእኔም እናት የእስቴ ሰው ናቸው» አሉና ሳቁ።

አምፖሉን ቀና ብዬ አዳመጥኩት። ሴትዮዋ ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ ነገርኳቸው። ተነሥተው አጠፉት። «ለእሷ መስኮቱ ይበቃናል» አሉ። ይህን ጊዜ ዶክተር አለመሆናቸውን ረሳሁት።

አንድ ችግር አለ። የልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ሳያነጋግሩ መጨረስ አይችሉም። አፏን በስንት ዓመቷ ፈታች፣ እንዴት ትጫወት ነበር፣ እነዚህን የሚመልስላቸው ይፈልጋሉ። አባባ የለም። እኔም ያን ጊዜ ቤተ ልሔም ድጓ ተማሪ ነበርኩ፣ ቤት የምመጣው ለበዓል ነው። የቀረችው እማዬ ናት። እስቲ አስቢበት።

መልካሙ

*

ወገዳ፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

መልካሙ፣

ከባሕር ዳር ተመልሻለሁ። የመንፈቁ እረፍት ስላላለቀ ቤቴ ተኝቼ ነው የሰነበትኩት።

እንዴት ነበር ላልከኝ፣ ሁሉንም መጻፍ አልችልም። ወይዘሮ አዜብ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ። ሰው ሲስቅ መቼ መሳቅ እንዳለብኝ በምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። ሌሎቹ ሲጀምሩ እጀምራለሁ፣ ከመጨረሻዎቹ በፊት አቆማለሁ አልኳቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። «ይህ ሁሉ ሥራ ነው፣ አያደክምሽም?» አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። ለቅሶ ላይ የጠፋው እንባ እዚያ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። እሳቸው አላባበሉኝም። ደስ አለኝ።

ስለ እኔ ምን እንደሚያስቡ አልነገሩኝም። ገና ነው አሉ። እማዬን ማነጋገር አለባቸው።

ስለዚህ ፈቅጃለሁ። ንገራት፣ ግን አንተ ንገራት። እኔ ከነገርኳት እንደ ገነት አደርጋታለሁ ብዬ እፈራለሁ። አንተ ነገር ማለዘብ ትችልበታለህ። ቀስ ብለህ፣ እንዳትደነግጥ አድርገህ አስረዳት።

ዳግማዊት

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዳጊዬ፣

ጾሙን እንዴት ያዝሽው? ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ጉድ ፈልቷል፣ ያፈላሁትም እኔ ነኝ።

ነገር አለዝባለሁ ብዬ አለዘብኩት። ለእማዬ ደውዬ «አንዲት የተከበሩ ሴት ከባሕር ዳር ይደውሉልሻል፣ ስለ ዳጊ አስተዳደግ ይጠይቁሻል፣ ለጥሩ ነገር ነው፣ ሳትደነግጪ መልሺላቸው» አልኳት። ሌላውን ቀስ ብዬ በሌላ ቀን ልነግራት ነበር። እንግዲህ አስቢው። ያላገባች ልጅ ያላት የጋይንት እናት፣ ከከተማ የማታውቃት ሴት ደውላ ስለ ልጇ አስተዳደግ ብትጠይቃት ምን ታስባለች? ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በሰው በሰው የሚጠያየቁት እንዲሁ አይደል!

ወይዘሮ አዜብ ደውለው «አፏን በስንት ዓመቷ ፈታች?» ሲሏት እማዬ «በዓመቷ! እንደ ወፍ ነበር የምትንጫጫው» አለች። ከልጆች ጋር ትጫወት ነበር ወይ ሲሏት «ሰፈሩ ያለ እሷ አይደምቅም» አለች። ጩኸት ትፈራ ነበር ወይ ሲሏት «ልጄ ከበሮ ትመታለች» አለች። ከዚያ ሳትጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ ዘራችን ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ አስረዳች። ሴትዮዋ ደውለውልኝ «እናትህ የነገሩኝ ልጅና እዚህ የመጣችው ሴት አይተዋወቁም» አሉኝ።

እማዬ ደግሞ ደውላ «ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመጡት መሰለኝ፣ ሠርጉ ለግንቦት ይሆናል» አለችኝ። ድምፅዋ እንዲያ ደስ ብሎት ሰምቼ ስለማላውቅ አይደለም ማለት አቃተኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ይቅር በይኝ እቴ፤ ይህ የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ ላንቺ ተረፈ።

መልካሙ

*

አርብ ገበያ፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

መልካሙ፣

የምጽፍልህ ከእማዬ ቤት ነው። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ አትድገመው።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አዲስ ተለስኗል። ጌሾ ደርቆ ተወቅጧል። አጎታችን ባንተአምላክ ሽማግሌ ለመቀበል ጋቢውን አሳጥቦ ይጠብቃል። እማዬ እንዳየችኝ ሳቀች፣ ጸጉሬን አየችና «ይህን ጸጉርሽን እንግዲህ ትሠሪዋለሽ» አለችኝ።

እኔ ማለዘብ ስለማልችል እንዳለ ነገርኳት። የደወሉት ሴት የማንም ወገን አይደሉም፣ የሚያገባኝም ሰው የለም፣ ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ ለማወቅ ራሴ ሄጄ ነው፣ አልኳት። ኦቲዝም ምን እንደሆነም በገባኝ መጠን አስረዳኋት። እማዬ እጇን አመድማው ምድጃ ጠርዝ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«የሚጠይቅሽ ሰው የለም ማለት ነው?» አለችኝ።

«የለም እማዬ።»

«ጌሾውን ለፋሲካ እናደርገዋለን እንግዲህ» አለች።

ቀስ ብዬ ስለ ልጅነቴ እውነቱን ለሴትዮዋ ትነግራቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። ተነሣች። «ልጄ ምንም አልነበረባትም! ማንም ምንም አላየባትም!» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ዘወር ትላለች።

ያለ እሷ ወይዘሮ አዜብ ሊጨርሱልኝ አይችሉም። ግድ አይለኝም ልልህ ነበር፣ ግን ግድ ይለኛል። መልሱን ሳላውቅ መኖር እችላለሁ፤ ኖሬበታለሁ። እማዬ ግን እኔን አይታ ያፈረችብኝ መሰለኝ፣ እሱን አልቻልኩትም።

ዳግማዊት

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዳጊዬ፣

በአጭሩ ነው የምጽፈው፣ ሞላ መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ለእማዬ ደወልኩላት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ የሚገባኝን ያህል ተቆጣችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ «ያቺ ሴትዮ የነገሯትን ለሰው ትናገራለች?» አለችኝ። እንደ ንስሐ አባት ናቸው፣ ከዚያ ክፍል አይወጣም አልኳት። «ዳግማዊትስ ትሰማለች?» አለችኝ። ይህንን አንቺ ትወስኛለሽ አልኳት። «ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እሄዳለሁ። አብራኝ ትግባ» አለች።

ምን እንደምትናገር አልነገረችኝም። አላፈረችብሽም ዳጊዬ። ድምፅዋን ሰምቻለሁ፣ የፈራች ሰው ድምፅ ነው።

መልካሙ

*

ወገዳ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመልካሙ፣

ባሕር ዳር ምን ሆነ ብለህ በስልክ ያስጨነቅከኝን አሁን እመልስልሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ብዙ ጊዜ ስላቆምኩ ሞላ ሁለተኛ ዙሩን ሊሄድ ነው።

እማዬ አዲሱን ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አምፖሉ ጠፍቶ ነበር። ወይዘሮ አዜብ ስለ መንገዱ፣ ስለ ፋሲካው፣ ስለ በጋው ገብስ ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ «እናቴ፣ ዳግማዊት አፏን በስንት ዓመቷ ፈታች?» አሏት።

«በዓመቷ ብዬሽ ነበር» አለች እማዬ። «ዋሽቼሽ ነው። አራት ዓመት ሞልቷታል። እማ አላለችም፣ አባ አላለችም። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሰማችውን ዜማ አንዲት ሳትስት አዜመችው። ሰው እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁት።»

ከዚያ ጠያቂ አላስፈለጋትም። ልጽፍልህ የምችለውን ያህል እሷ እንዳለችው እጽፍልሃለሁ።

«ልጄ መታዘል አትችልም ነበር። አንቀልባ ላይ ሳደርጋት እንደተቃጠለች ነው የምትጮኸው። ሳወርዳት ዝም። ብይዛት ትጮኻለች፣ ብለቃት ዝም። ምን አድርጌባት ይሆን እያልኩ አነባሁ። ኋላ ነገሩ ሲገባኝ አጎዛ ላይ አስተኝቼ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ሳልነካት። ሌላው ሴት ልጁን አዝሎ ገበያ ሲወጣ እኔ የእኔን አጎዛ ላይ ትቼ ቤት ቀረሁ። ምን ያላሉኝ አለ! ወርቅነሽ አንጀት የላትም፣ የወለደችውን የማታዝል እናት አሉኝ። አማቴ ሳትቀር ለባሌ ነገረችብኝ።»

ወይዘሮ አዜብ «ልጅቷ ስለማትወድ ነው ብለው አልነገሯቸውም?» አሏት።

«አልነገርኩም። ልጅሽን ያማታል ወይ ሲሉኝ፣ ኧረ እኔ ነኝ ማዘል የማልወድ፣ ወገቤን ያመኛል፣ እላለሁ። እኔን ቢጠሉኝ ምን ይመጣል? ባል አለኝ፣ ቤት አለኝ። እሷ ገና ልጅ ናት፣ ስም ከወጣላት ማን ይጠጋታል? እኔ ልጠላ አልኩ።»

ይህን ስትናገር ወደ እኔ አላየችም። እኔም አላየኋትም። ሁለታችንም መስኮቱን ነበር የምናየው። መልካሙ፣ ይህንን ሁሉ ዓመት እናቴ ስለ እኔ ስትታማ ኖራ አንዲት ቀን አላወቅኩም። እያፈረችብኝ ነው ያልኩህን ሰርዘው።

በማግስቱ ወይዘሮ አዜብ ብቻዬን አስገቡኝና ነገሩኝ። መምህራቸውንም አማክረዋል። «ነሽ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ረጅም ጊዜ ወስደው አስረዱኝ፣ ያልተረዱትንም ነገር አልደበቁኝም። በትምህርት ቤት ምን ሊቀልልኝ እንደሚችል ተነጋገርን፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። እኔ የመጣሁበትን ጥያቄ አልረሳሁም ነበርና ክፉ ሰው ስለ መሆኔስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለእሱ የሚሆን መመዘኛ የለኝም፣ ግን እስካሁን ክፋት አላየሁብሽም» አሉኝ። እሳቸው ለማስደሰት የሚናገሩ ሰው ስላልሆኑ አመንኳቸው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ የስንቅ ጥቅሏን በመካከላችን አስቀመጠች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። ቤተ ክርስቲያን ስንቀመጥ የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ መካከላችን ታደርጋለች፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ወንፊትም ይሁን መሶብ አንድ ነገር በመካከላችን ይኖራል። እኔ የምትርቀኝ ነበር የሚመስለኝ። ስንት ዓመት ተከፍቼባታለሁ!

ደብረ ታቦርን እንዳለፍን ጥቅሉን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግኩትና ተጠጋኋት። ትከሻዬ ትከሻዋን ነካ። እማዬ አልተነቃነቀችም፤ እንዳታስደነግጠኝ ፈርታ ነው መሰለኝ ትንፋሿን ሳይቀር ያዘችው። ጋሳይ እስክንደርስ እንደዚያው ሆነን ሄድን። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ አልቻልኩም አልኳት።

«ይበቃል ልጄ፣ ብዙ ነው» አለችኝና ጥቅሉን ከጭኔ ወስዳ ራሷ በመካከላችን መለሰችው።

እህትህ ዳግማዊት